ቸርኬ ሲያድግ የጎማው ቁጥር አብሮ ካልተስተካከለ ኪሳራው የባለመኪናው ነው

በአዲስ አበባ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ኮሮላ ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው ከተሠራበት ዘመን ቀጥሎ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ቸርኬውን ነው። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ወልቆ በ17 ወይም በ18 ኢንች አልሙኒየም ከተተካ የገዢው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሻጩም ይህንኑ አስቦ በመኪናው ላይ ዋጋ ይጨምራል።

ቸርኬ ማሳደግ በራሱ ነውር የለበትም። አምራቾች ራሳቸው ለአንድ ሞዴል ሁለትና ሦስት ልክ ቸርኬ ያዘጋጃሉ። ችግሩ የሚመጣው ለአዲሱ ቸርኬ ጎማ በምን ሒሳብ እንደሚመረጥ ሳይታወቅ ወደ ሱቅ ሲገባ ነው። አብዛኛው ገዢ የሚያውቀው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ በመሆኑ «ባለ 17 ጎማ» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለሱቁም ካሉት ባለ 17 ጎማዎች መካከል ቶሎ እንዲወጣለት የሚፈልገውን ያወርድለታል። ባለ 17 ጎማ ግን አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። በቁመት፣ በስፋትና በሚሸከመው ክብደት የሚለያዩ በርካታ ዓይነቶች በዚሁ በአንድ ስም ይሸጣሉ።

ስህተቱ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያስከፍላል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት ቪትዝና ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ዕድሜያቸው እንዲራዘም ግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ወጣ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም 100 ብር አለፈ። በዶላር የሚገባ ጎማ ይህንኑ ተከትሎ ሄዷል። ልኩን የሳተ 4 ጎማ ገዝቶ ከወር በኋላ አውልቆ መሸጥ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተገጠመ ጎማ ጥርሱ ባይነካም በገበያው ዘንድ «ያገለገለ» ነውና።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ሙሉ መግለጫ ነው። ለምሳሌ «195/65 አር 15፣ 91 ኤች» የሚል ጎማ እንውሰድ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 15 ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ልክ በኢንች ሲሆን፣ «አር» ደግሞ የውስጡ ክር አሠራር ራዲያል መሆኑን ያመለክታል። 91 የክብደት ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። «ኤች» እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ እንደተፈቀደለት ይናገራል።

ሰው የሚሳሳተው በመካከለኛው ቁጥር፣ በ65 ላይ ነው። 65 ሚሊ ሜትር ወይም ሌላ የርዝመት መለኪያ አይደለም፤ ከመቶ ነው። የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱን 65 ከመቶ ያህላል ማለት ነው። ስለዚህ በ195 ጎማ ላይ የተጻፈ 65 እና በ225 ጎማ ላይ የተጻፈ 65 እኩል ቁመት አይሰጡም። ስፋት በጨመረ ቁጥር፣ ከመቶው ካልቀነሰ በቀር፣ ጎማው ወደ ላይም ያድጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። 195 በ65 ከመቶ ሲባዛ 126.75 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎማ ከላይም ከታችም ጎን ስላለው በሁለት ሲባዛ 253.5 ይመጣል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ባለ 15 ቸርኬ 381 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከመሬት እስከ ጎማው አናት ያለው ሙሉ ቁመት 634.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገኛል።

ጎማ ሲመረጥ መያዝ ያለበት ቁጥር ይህ ነው። የመኪናው ማርሽ፣ የፍጥነት ጠቋሚው፣ የፍሬኑ ኃይልና በፓራፋንጎው ሥር የተተወው ክፍተት ሁሉ የተሠሩት በዚህ ቁመት ነው። ቸርኬው ሲያድግ ሙሉ ቁመቱ ባለበት እንዲቆይ የጎማው ጎን በዚያው መጠን ማጠር አለበት። ከ15 ወደ 17 የሚሄድ ሰው ቸርኬውን በ2 ኢንች፣ ማለትም በ50.8 ሚሊ ሜትር ስላሳደገ፣ ከጎማው ጎን ላይ ይህንኑ ያህል፣ ከላይ 25 ከታች 25 ሚሊ ሜትር ገደማ መቀነስ ይኖርበታል።

ቶዮታ እንዴት እንዳደረገው

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ለአሜሪካ ገበያ በቀረበው ኮሮላ ላይ ቶዮታ ሦስት ልክ ተጠቅሟል። ዝቅተኛው 195/65 አር 15፣ መካከለኛው 205/55 አር 16፣ የስፖርት ዓይነቱ ደግሞ 215/45 አር 17 ነው። ቁመታቸው ሲሰላ 634.5፣ 631.9 እና 625.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቸርኬው 2 ኢንች አድጎ የጎማው ሙሉ ቁመት ግን 9 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የተለወጠው፤ ይህም ከ1.5 ከመቶ አይበልጥም።

በፕራዶ ላይም እንዲሁ ነው። 265/65 አር 17 የነበረው ወደ 18 ኢንች ሲያድግ 265/60 አር 18 ሆነ። ስፋቱ ሳይነካ ከመቶው ብቻ ከ65 ወደ 60 ወረደና ቁመቱ ከ776.3 ወደ 775.2 ሚሊ ሜትር ተለወጠ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም።

ስለዚህ ከ195/65 አር 15 ተነስቶ ወደ 17 ለሚሄድ ኮሮላ 215/45 ወይም 225/45 ይስማማዋል፤ ሁለተኛው 634.3 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከፋብሪካው ቁመት ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ወደ 18 ለሚሄድ 225/40 አር 18 በ637.2 ሚሊ ሜትር ይቀራረባል። ከፋብሪካው 175/65 አር 14 የያዘ ቪትዝ ቁመቱ 583.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 15 ሲያድግ 185/55 አር 15 (584.5)፣ ወደ 16 ሲያድግ 195/45 አር 16 (581.9) ይሆነዋል። በሙያው የተለመደው የልዩነት ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ ጠንቃቃ የሆነ ከ2 ከመቶ አያልፍም።

መነሻው ምንጊዜም የፋብሪካው ልክ ነው። ይህ ልክ በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይገኛል። አሁን መኪናው ላይ ያለው ጎማ መነሻ መሆን የለበትም፤ ከዚህ ቀደም የነበረው ባለቤት ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱን መውረስ ይመጣል።

ስህተቱ በኪሎ ሜትር ሲቆጠር

አንድ ባለኮሮላ ባለ 17 ቸርኬ ገዝቶ «195/65 የለመድኩት ነው» በማለት 195/65 አር 17 ቢጠይቅና ቢያገኝ የጎማው ቁመት 685.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ከፋብሪካው በ8 ከመቶ ይበልጣል። የፍጥነት ጠቋሚው 100 ሲል መኪናው የሚሄደው 108 ነው። በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ በራዳር የተያዘ ሾፌር ጠቋሚውን ምስክር ቢጠራ ማንም አይሰማውም። በእርግጥ አብዛኞቹ የፍጥነት ጠቋሚዎች ሲሠሩ ከእውነተኛው ፍጥነት ጥቂት ከፍ አድርገው እንዲያሳዩ ስለሚደረግ አንድና ሁለት ከመቶ ልዩነት ሳይታወቅ ያልፋል። 8 ከመቶ ግን አያልፍም።

ለነጋዴው ይበልጥ የሚያሳስበው የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ነው። በዚህ ጎማ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘ መኪና መቁጠሪያው ላይ 92,600 ገደማ ብቻ ያሳያል። ማንም መቁጠሪያውን ሳይነካው 7,400 ኪሎ ሜትር ጠፍቷል። ዘይት የሚቀየርበትም ጊዜ በዚያው ልክ ይዘገያል። በተቃራኒው 205/40 አር 17 የሚባል አጭር ጎማ ቢገባ ቁመቱ 595.8 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ከፋብሪካው በ6 ከመቶ ያንሳል፤ ያው 100 ሺህ ኪሎ ሜትር 106,500 ሆኖ ይመዘገባል። ይህን መኪና የሚሸጥ ሰው ያልሄደበትን መንገድ ከዋጋው እየቀነሱ ይወስዱበታል። መቁጠሪያ «ተመልሷል አልተመለሰም» በሚል የሚከራከሩ ደላሎች ጎማውን ጎንበስ ብለው ቢያነቡት አንዳንዱ ክርክር ባጠረ ነበር።

ቁመቱ የበዛ ጎማ ማርሹንም ያከብደዋል። ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ወይም በዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ሲያዝ ሞተሩ የሚያጣው ኃይል ያን ጊዜ ይታወቃል። ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ጎማ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል፤ ፍሬኑ ግን የድሮው ነው።

የተረሳው ቁጥር፦ ክብደት

በሱቅ ውስጥ ስለ ስፋትና ስለ ኢንች ብዙ ይወራል። ከኋላቸው ስለሚመጣው የክብደት ቁጥር የሚጠይቅ ገዢ ግን ጥቂት ነው። ሕይወት የሚነካው ግን ይኸኛው ነው።

ጎማ የሚሸከመው በጎማው ላስቲክ ሳይሆን በውስጡ በታመቀው ነፋስ ነው። ጎኑ ሲያጥር በውስጡ የሚይዘው ነፋስ ያንሳል፤ ስለዚህ ቁመቱ ተመሳሳይ ሆኖም የመሸከም አቅሙ ሊወርድ ይችላል። 195/65 አር 15 ጎማ 91 ቁጥር ሲኖረው የተለመደው 215/45 አር 17 ግን 87 ነው። 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 87 ማለት 545 ኪሎ ነው። በአንድ ጎማ 70 ኪሎ፣ በአራቱ 280 ኪሎ ጎደለ ማለት ነው። ቀላል ለሆነው ኮሮላ ይህ ልክ ስለሚበቃው ቶዮታ ራሱ ተጠቅሞበታል። ከኮሮላ ለከበደ መኪና ግን ያው ጎማ አይበቃም፤ በበሩ ቋሚ ላይ ከተጻፈው የክብደት ቁጥር መውረድ አይገባም።

መፍትሔው «ኤክስትራ ሎድ» የሚባለው፣ በጎኑ ላይ «ኤክስ ኤል» ተብሎ የሚጻፍበት የተጠናከረ ጎማ ነው። 215/45 አር 17 በኤክስ ኤል ሲሠራ ቁጥሩ ወደ 91 ይመለሳል። ሻጩ የማይናገረው አንድ ነገር ግን አለ። ተራው ጎማ ሙሉ ክብደቱን የሚሸከመው በ2.5 ባር ነፋስ ሲሆን ኤክስ ኤሉ ግን 2.9 ባር ይፈልጋል። ባለመኪናው ኤክስ ኤል ገዝቶ ጎሚስታው ዘንድ እንደ ለመደው ነፋስ ካስሞላ፣ በ2.5 ባር የሚሸከመው ያው 545 ኪሎ አካባቢ ነው። ተጨማሪ የከፈለበት አቅም በነፋሱ ውስጥ ቀረ።

ይህ ጉዳይ በሚኒባስ ላይ ሲመጣ ቀልድ አይደለም። ለሃይኤስ ሚኒባስ የሚታወቀው 195 አር 15 «ሲ» ጎማ የክብደት ቁጥሩ 106/104 ነው፤ «ሲ» የንግድ ተሽከርካሪ ጎማ መሆኑን ይናገራል። 106 ቁጥር 950 ኪሎ ነው። ሰፋ ብሎ እንዲታይ ተብሎ በዚሁ ባለ 15 ቸርኬ ላይ የአውቶሞቢል 215/65 አር 15 ቢገባበት የክብደት ቁጥሩ 96፣ ክብደቱም 710 ኪሎ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጎማ 240 ኪሎ ይጎድላል። ሚኒባሱ ከተፈቀደለት በላይ ሰው ጭኖ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ ደርቦ፣ በቆላ ሙቀት በረጅም መንገድ ላይ ሲሮጥ ጎማው ከውስጥ እየጋለ ይሄዳል። የፈነዳ ጎማ ምክንያቱ ሲጠየቅ «የቻይና ነው» ወይም «የመንገዱ ሙቀት ነው» ይባላል። የትኛው ቁጥር እንደተጻፈበት የሚያየው የለም።

በአዲስ አበባ ቁጥራቸው እየበዛ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ባትሪያቸው ከባድ በመሆኑ ለቁመናቸው ከሚገመተው በላይ ይመዝናሉ። የፎልክስቫገን አይዲ 4 ክብደት ያለ ተሳፋሪ 2 ቶን ገደማ ነው፤ ጎማውም በፊት 235/55 አር 19፣ በኋላ 255/50 አር 19 በመሆኑ የፊቱና የኋላው አይመሳሰልም። እንዲህ ላለው መኪና «4 ጎማ» ብሎ አንድ ልክ መግዛትም ሆነ ጥርሱ እኩል እንዲያልቅ የፊቱን ወደ ኋላ ማዞር አይሠራም። ሁልጊዜ በአራት እግራቸው በሚነዱ መኪናዎች ላይ ደግሞ የአራቱም ጎማ ቁመት እኩል ካልሆነ ካምቢዮና ዲፈረንሲያሉ መሀል ያለው ዕቃ ያለማቋረጥ እየተፋጨ ያልቃል።

ቸርኬው ራሱ ይገባል ወይ?

ጎማው በትክክል ቢመረጥም ቸርኬው ለመኪናው ካልሆነ ሒሳቡ ባዶ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ወጥመድ የቡሎኑ ቀዳዳ ነው። ቪትዝ 4 ቡሎን አለው፤ ቡሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው። የጥንቶቹ ፊያቶችም 4 ቡሎን ናቸው፤ ክቡ ግን 98 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር በዓይን ስለማይታይ አንዱን ቸርኬ በሌላው ላይ እየገፉ የሚያጠብቁ አሉ። ቡሎኑ ጠመም ብሎ ይገባል፤ እየነዱትም ይላላል።

ኮሮላ ላይ ወጥመዱ ይብሳል። ከላይ የተጠቀሰው ለአሜሪካ የተሠራው ኮሮላ 5 ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ለሌሎች ገበያዎች የተሠራው ወንድሙ 5 ቡሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ነው። የመካከለኛው ቀዳዳም በአንደኛው 54.1፣ በሁለተኛው 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የኮሮላ ቸርኬ ባለ 5» ማለት ስለዚህ በቂ አይደለም። ቸርኬው የመካከል ቀዳዳው ከሞዞው ከሰፋ ልኩን የሚሞላ ቀለበት ይገባበታል፤ ያለ ቀለበት የተገጠመ ቸርኬ በ80 እና በ90 ኪሎ ሜትር ላይ መሪውን ያንቀጠቅጣል፤ ሰውየው ደግሞ ባላንስ እያሠራ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ሌላው የቸርኬው ስፋት ነው። 215/45 አር 17 የሚቀመጠው ከ7 እስከ 8 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ሲሆን 225/45 አር 17 ከ7 እስከ 8.5፣ 225/40 አር 18 ደግሞ ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ላይ ነው። በሰፊ ቸርኬ ላይ ጠባብ ጎማ ወጥሮ መግጠም በአንዳንድ ወጣቶች ዘንድ ፋሽን ሆኗል። መልኩ የሚያምረው ሰው ሊኖር ይችላል፤ የቸርኬው ከንፈር ግን ምንም ሳይከልለው ቀጥታ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል።

ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ የሚወስነው «ኦፍሴት» ይባላል። በቸርኬው ጀርባ «ኢ ቲ 45» ወይም «ኢ ቲ 35» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ባለ 6 ኢንች ስፋት ኢ ቲ 45 ቸርኬ በባለ 7.5 ኢንች ኢ ቲ 35 ቢተካ፣ ስፋቱ በጨመረው 38 ሚሊ ሜትር ግማሽ ላይ የኦፍሴቱ 10 ሚሊ ሜትር ሲደመር የውጭው ጠርዝ 29 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ባዶውን ሲቆም የሚያምር መኪና 4 ሰው ሲሳፈርበትና ጉድጓድ ሲገባ ፓራፋንጎው ጎማውን ይላጨዋል። ከዚያ ወዲያ ጋራዥ ገብቶ ፓራፋንጎ መቀጥቀጥ ወይም ሞላ ማሳደግ ይመጣል። የኩሺኔታው ዕድሜም ያጥራል፤ ክብደቱ ከተሠራለት ቦታ ርቆ ይጫነዋልና።

በቸርኬው ጀርባ ከዚህ ሌላ የሚሸከመው ከፍተኛ ክብደትና የጃፓን የጥራት ምልክት የሆነው «ጄ ደብሊው ኤል» መኖሩ ይታያል። ምልክቱ በሐሰት ሊመታ ይችላል፤ ጨርሶ ከሌለ ግን ዋጋው የረከሰበት ምክንያት ግልጽ ነው።

የመንገዱ ድርሻ

ከአስፋልቱ ጥሩነት ጋር አብሮ የሚያድግ ፋሽን ወደዚህ መጥቶ የሚገናኘው ከጉድጓድና ከኮብልስቶን ጋር ነው። የ195/65 ጎማ ጎን 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ225/40 ጎን 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ያለው ትራስ ከሩብ በላይ ተቀንሷል። የብረት ቸርኬ ሲጎብጥ ጎሚስታው በመዶሻ መልሶ ያቀናዋል፤ አልሙኒየም ግን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን በየዳውና ቀለም ቀብቶ የሚሸጥ ስላለ፣ ያገለገለ አልሙኒየም ቸርኬ የሚገዛ ሰው ጎማው ወልቆ የውስጡን ክብ ዙሪያውን በጣቱ ቢዳስስ ይበጀዋል። ከነጎማው ተገጥሞ «ሴቱ ይኸው» ተብሎ የሚቀርብ ዕቃ ይህን ዕድል ይነፍገዋል።

በገጠር ወይም በከተማው ዳርቻ ለሚውል መኪና ከ16 ማለፍ አያዋጣም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ15 ወደ 16 የሚደረገው ለውጥ ለዓይን ይታያል፤ የጎማው ጎንም 113 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀራል።

በጎማ ነጋዴው በኩል

ለጎማ አስመጪውና ለቸርቻሪው ይህ ሁሉ የመጋዘን ጉዳይ ነው። 195/65 አር 15 በዓለም ላይ በብዛት ከሚሸጡት ልኮች አንዱ በመሆኑ ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል። ባለ 18 ዝቅተኛ ጎማ በአንዱ ትርፉ ከፍ ቢልም የሚገዛው ሰው የተመረጠ ነው፤ ልኩም ብዙ በመሆኑ ከያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት መያዝ ያስፈልጋል። በምንዛሪ የተገዛ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሲያድር ካፒታሉ ከመታሰሩ ሌላ ጎማው ራሱ ያረጃል። በጎኑ ላይ ያለው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ይህን ይመሰክራል። 3523 ቢል በ35ኛው ሳምንት እ.ኤ.አ. 2023 የተሠራ ነው። ቁጥሩ ባለ 3 አሃዝ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ምንም ያህል ጥርስ ቢኖረው ቦታው ጎማ ተራ ለጫማ ነው።

ገዢው በበኩሉ ማሰብ ያለበት ከ4ቱ ጎማ አንዱ በጉድጓድ ሲቀደድ ያንኑ አንዱን ከየት እንደሚያገኝ ነው። የተለመደው ልክ በየሰፈሩ ይገኛል። ያልተለመደው ልክ ባለበት አንድ ሱቅ በተጠራው ዋጋ ይገዛል፤ ከሌለም ሁለት ወይም አራት መቀየር ግድ ይሆናል። መጀመሪያ ቸርኬው ሲገዛ የነበረው ሒሳብ ይህን አይጨምርም ነበር።

ባደገ ቸርኬ ላይ ያለ መኪና ለመግዛት የሚደራደር ሰው ከዋጋው በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢያይ ገንዘብ ያተርፋል። በበሩ ቋሚ ላይ ያለውን ልክ ከጎማው ቁጥር ጋር አስተያይቶ ቁመቱን በስልኩ ካልኩሌተር ያሰላል። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሮ ጎማው የውስጥ ፕላስቲኩን የላጨበት ምልክት መኖሩን ይመለከታል። የጥርሱን የውስጥ ጠርዝ በእጁ ይዳስሳል፤ የውስጡ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አላይመንቱ ተበላሽቷል ወይም ሞላው ተነካክቷል። ሻጩ የፋብሪካውን ቸርኬ አስቀምጦ ከሆነ አብሮ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ ከሌለ ያንን ከዋጋው ላይ ለማስቀነስ መብት አለው።

በመጨረሻም የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ስኮርታውን ያያል። ቸርኬው ሲቀየር ተጠባባቂው ጎማ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ባለ 15 ሆኖ ይቀራል። የአራቱ ጎማ ቁመት ከፋብሪካው ጋር እኩል ከሆነ ስኮርታው ያለ ችግር እስከ ጎሚስታ ያደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ ከውጭ ለተገዙ ቸርኬዎች የሚሆነው ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ እንደ ሾጣጣ የሆነ ሲሆን ለብዙዎቹ የቶዮታ ፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬዎች የሚያገለግለው ግን ጠፍጣፋ ማረፊያ ያለው ነው። ስኮርታው የፋብሪካ አልሙኒየም ከሆነ የድሮዎቹ ቡሎኖች በከረጢት ታስረው ከክሪኩ አጠገብ መቀመጥ አለባቸው።